ጾሙ ግማሽ ሊደርስ ነው፣ ምንም አይሰማኝም ላልሽው ነርስ እህቴ

መጀመሪያ ጥያቄውን ላስቀምጠው፣ ሌሎቻችሁም ነገሩ እንዲገባችሁ። እህታችን ጅማ ውስጥ ነርስ ናት። የጻፈችው እንዲህ ነው፦ «መምህር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን ጾሜ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከሥጋና ከወተት ከመከልከል ውጪ ምንም የሚሰማኝ ነገር የለም። ፋሲካ ሲደርስም ደስ የሚለኝ ዶሮው ነው። ናይት ዱቲ ስላለብኝ ቅዳሴ አልደርስም፣ ቤት ገብቼ ጸሎት ስጀምር እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። ይኸው ጾሙ ግማሽ ሊደርስ ነው፣ ከዚህ በኋላ ተጀምሮ ምን ይሆናል? እምነቴ እንዲጠነክር ምን ላድርግ? በነገራችን ላይ ከታላቅ እህቴም ጋር በአባታችን ቤት ምክንያት ከተኳረፍን ቆየን፣ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

እሺ እህቴ። አንቺ እያልኩ ነው የምጽፍልሽ፣ ቅር እንዳይልሽ።

ከሁሉ በፊት «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» ያልሽው ነገር ሌላ ጉዳይ አይደለም። እንደኔ ከሆነ ከጠየቅሽው ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፣ ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። የሚያሳስብሽ ግን አለመሰማቱ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር ብዙ ወጣት የሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው፣ «ምንም አይሰማኝም»። ሰው ጾም ሲይዝ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ልቡ እንዲቃጠል፣ እንባው እንዲፈስ፣ መዝሙር ሲሰማ ሰውነቱ እንዲነዝረው ይጠብቃል፣ ያ ካልመጣ ጾሜ አልተቀበለልኝም ብሎ ይደመድማል። እንባው ቢመጣ መልካም፣ ስጦታ ነው። ግን የጾም መለኪያ እሱ አይደለም። አንቺ ለበሽተኛ አንቲባዮቲክ ስትጀምሪለት በመጀመሪያው ቀን ምንም ለውጥ አላየሁም ቢልሽ ምን ትይዋለሽ? ሰዓቱን ጠብቀህ ኮርሱን ጨርስ ነው የምትይው አይደል? ጾምም እንደዛው ነው፣ ሥራው የሚታየው ቆይቶ ነው፣ ሥራውም የሚታየው በስሜትሽ ላይ ሳይሆን በጠባይሽ ላይ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ «ምን ተሰማኝ» የሚለውን ትተሽ «ዛሬ ማንን ተቆጣሁ፣ ማንን ረዳሁ፣ ስለማን አወራሁ» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ይሄኛው ጥያቄ መልስ አለው።

ጊዜው አልፏል ላልሽው ደግሞ፣ አላለፈም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፦ ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ የጾመው 40፣ መጀመሪያ ላይ ጾመ ሕርቃል የሚባለው 7፣ መጨረሻ ላይ ሰሙነ ሕማማት ከነ ሆሳዕናው 8። እሑዶቹ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፣ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና። ስያሜው ከቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ፣ ከጾሙ የዜማ መጽሐፍ፣ የመጣ ነው፣ ቤተክርስቲያንም ወንጌሉንም ምስባኩንም (ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የዳዊት ቃል) መዝሙሩንም በዛው መስመር ነው የምታስኬደው። እኛ አሁን መጻጉዕ ሳምንት ውስጥ ነን፣ መጪው እሑድ ደብረ ዘይት ነው፣ እኩለ ጾም የሚባለው እሱ ነው። እና ግማሹ ገና አለ። በወንጌል ወይኑ ቦታ ላይ በ11 ሰዓት የተቀጠሩትም እኮ ሙሉ ደሞዛቸውን ነው የወሰዱት።

ደግሞ ካለፉት ሳምንታት ላንቺ ይሄ መጻጉዕ ሳምንት ይበልጥብሻል ብዬ አምናለሁ፣ ለምን መሰለሽ፣ ወንጌሉ በሽተኞች የተኙበት ቦታ ነው። ዮሐንስ ምዕራፍ 5ን ዛሬ አንብቢው። ቤተ ሳይዳ የምትባል መጠመቂያ አለች፣ አምስት መመላለሻ አላት፣ እዛ ዕውሩም አንካሳውም ሰውነቱ የሰለለውም ተኝቷል። ከነሱ መሀል አንዱ 38 ዓመት የታመመ ነው፣ መጻጉዕ የምንለው እሱን ነው። ጌታ መጥቶ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው ሰውየው አዎ ወይም አይደለም አላለም፣ «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ውሃው ሲናወጥ ወደ ውስጥ የሚያስገባኝ ሰው የለኝም።

እህቴ አንቺ ይሄንን ዓረፍተ ነገር በየዱቲሽ ትሰሚዋለሽ። ጅማ የሚመጣው በሽተኛ ከከተማው ብቻ አይደለም፣ ከሊሙም ከጎማም ከሸቤም ከዳውሮም ይመጣል፣ አንዳንዱ ሁለት ሦስት መኪና ቀይሮ ነው የሚደርሰው። አስታማሚ ያለው አለ፣ የሌለውም አለ። የሌለውን በምን ታውቂዋለሽ፣ ማዘዣ ወረቀቱ ትራሱ ስር እንደተጣጠፈ ያድራል፣ ፋርማሲ ሄዶ የሚገዛለት የለማ። የውሃ ጠርሙሱ ባዶ ነው። ጎረቤት አልጋ ላይ ያለው ቤተሰብ ሽሮ ሲያወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ያ ሰውዬ መጻጉዕ ነው። አንቺ ቅዳሴ አልደረስኩም ብለሽ እያዘንሽ ያለፍሽው አልጋ ላይ የተኛው እሱ ነው።

የሳምንቱ ምስባክ ደግሞ መዝሙር 40 ቁጥር 3 ነው፣ «እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዐራተ ሕማሙ» ይላል፣ በታመመበት አልጋ ላይ ሳለ እግዚአብሔር ይረዳዋል፣ መኝታውንም ያነጥፍለታል። ልብ በይ፣ አልጋ የሚያነጥፈው ራሱ እግዚአብሔር ነው ነው የሚለው። እና አንሶላ ስትቀይሪ ይሄንን ምስባክ በልብሽ በይው። ደሞዜን ለማግኘት የምሰራው ሥራ ነው አትበይ፣ ደሞዙም አለ፣ ሥራውም ሥራ ነው፣ ግን ያው ሥራ በጾም ሰዓት ሲሠራ ጸሎት መሆን ይችላል። በአንድ ዱቲ አንድ ሰው ምረጪ፣ አስታማሚ የሌለውን። ውሃውን ሙይለት፣ ማዘዣውን ተቀብለሽ ጽዳት ሠራተኛዋም ትሁን ዘበኛው፣ ሰው ፈልገሽ አስገዢለት፣ ብሩ ከጎደለው ጨምሪለት፣ ስሙን ጠይቂው፣ ሁለት ደቂቃ ቁጭ በይ። ዋርዱን በሙሉ ልሸከም ካልሽ ግን በሳምንትሽ ትወድቂያለሽ፣ ለዛ ነው አንድ ያልኩሽ።

ስለ መጻጉዕ አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። አባቶች ሲያስተምሩ ይሄ ከ38 ዓመት በኋላ የተነሳው ሰውዬ በኋላ ጌታ ሲያዝ በጥፊ የመታው እሱ ነው ይላሉ። እግሩ ዳነ፣ ልቡ ግን እዛው አልጋ ላይ ቀረ። እኔ ይሄ ትምህርት በጣም ያስፈራኛል። ሁዳዴን ሙሉ ጾሞ በፋሲካ ማግስት ወደ ድሮ ጠቡ የሚመለስ ሰው ከሱ በምን ይለያል?

ምግቡን በተመለከተ ብዙ አልልሽም፣ ምክንያቱም እሱን በደንብ ታውቂዋለሽ። ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ላይ ጾም በታወቀ ጊዜና በታወቀ ሰዓት ከምግብ መከልከል ነው ይላል፣ ማለትም ዓይነቱ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም አለበት። ብዙዎቻችን ዓይነቱን ይዘን ሰዓቱን ጥለናል። ጠዋት 2 ሰዓት የጾም ማኪያቶ በጾም ኬክ፣ 6 ሰዓት ላይ በያይነቱ ከነ ሱፍ ፍትፍቱ ከነ ስልጆው፣ ማታ ደግሞ የጾም በርገር፣ ይሄ እንግዲህ ጾም ነው ወይስ የሜኑ ለውጥ? ጅማ ደግሞ አቮካዶው እንደልብ ነው፣ በሱም ይጨመርበታል። አትብሉ እያልኩ አይደለም፣ ግን በጾም ወቅት የምግብ ወጪሽ ከፍስኩ ከበለጠ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። የቀነስሽው ብር ትራስ ስር ላለችው ማዘዣ ይሁን፣ ሂሳቡ በጣም ቀላል ነው።

ናይት ላይ ላለ ሰው ሰዓቱ እንዴት ይሁን ካልሽ፣ ብዙ ማታ የሚሠሩ ልጆች የሚያደርጉትን ልንገርሽ። እራታቸውን ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ይበላሉ፣ ከዛ በኋላ እህልም ውሃም አይቀምሱም፣ ጠዋት ሪፖርት አስረክበው ቤት ገብተው ይተኛሉ፣ ተነስተው 9 ሰዓት ላይ ይፈታሉ። እንቅልፉ ስለሚያግዝ እንደውም ቀን ከሚሠራው ሰው ይቀላል። ግን ይሄ ለሁሉም አይሆንም። ጨጓራ ካለብሽ፣ ስኳር ካለብሽ፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይ የምታጠቢ ከሆነ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ሰዓቱን ያቀርቡልሻል፣ ሥልጣኑም ያላቸው እሳቸው ናቸው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ መድኃኒት ከምትሰጪ አንድ ዳቦ በሻይ ብትቀምሺ ይሻላል፣ የሰው ነፍስ ነው የያዝሽው። መድኃኒት በጾም ምክንያት የሚያቋርጥ በሽተኛ ካየሽም አባቶችን አስጠሪለት እንጂ ዝም አትበይው።

ቅዳሴ አልደርስም ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። የእሑዱን ብቻ እያሰብሽ ነው መሰለኝ። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ቀን ነው የሚቀደሰው፣ ወደ 6 ወደ 7 ሰዓት ተገብቶ 9 ሰዓት አካባቢ ነው የሚወጣው፣ ሰዓቱ ከደብር ደብር ትንሽ ይለያያል። ዓመቱን ሙሉ ማለዳ ላይ ስለሆነ ላንቺ አይመችም፣ በጾሙ ግን ልክ ከእንቅልፍሽ በምትነሺበት ሰዓት ላይ መጣልሽ ማለት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ያዢ፣ ረቡዕን በይው ወይ ዓርብን። ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ ፊትሽን ታጥበሽ፣ ቀደም ብለሽ ግቢ። ከበሮና ጸናጽሉ በጾሙ ዝም ስለሚል፣ ዜማውም የጾም ዜማ ስለሆነ፣ ሰውም እንደ እሑዱ ስለማይበዛ፣ እንዳንቺ ለደከመው ሰው እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ ቅዳሴ የለም። እኔ በግሌ ከእሑዱ ይልቅ የሁዳዴን ረቡዕ እወደዋለሁ።

ጸሎት ላይ እንቅልፍ የሚወስድሽ ደግሞ በጣም ግልጽ ነው፣ 12 ሰዓት ቆመሽ አድረሽ አልጋ ላይ ተጋድመሽ ስለምትጀምሪ ነው። ጸሎቱን ከዱቲ በኋላ ሳይሆን ከዱቲ በፊት አድርጊው። ልትወጪ ስትይ ዩኒፎርምሽን ቦርሳ ውስጥ ከከተትሽ በኋላ፣ ቆመሽ፣ ፊትሽን ወደ ምሥራቅ አዙረሽ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ አንድ መዝሙረ ዳዊት፣ ሦስት ስግደት። በቃ። ከዚህ በላይ አሁን አትጨምሪ። ሰው ጾም ሲይዝ ሙሉ ዳዊት እደግማለሁ፣ ሰባት ጊዜ እጸልያለሁ፣ መቶ እሰግዳለሁ ይላል፣ በአራተኛው ቀን ሁሉንም ጥሎት ቁጭ ነው። ጥቂቱን ለፋሲካ አድርሺውና ከንስሐ አባትሽ ጋር ትጨምሪያለሽ። ስልክ ላይ የምትሰሚው ስብከትና የቴሌግራም መዝሙርም ደግ ነው፣ መንገድ ላይ ስሚው፣ ግን ሦስት ሰዓት ዩቲዩብ ላይ ስብከት መስማት አምስት ደቂቃ ቆሞ መጸለይን አይተካም፣ ይሄንን ስል የሚቀየመኝ ሰባኪ ይኖር ይሆናል፣ ይቀየም።

አሁን ደግሞ ወደ ጅማ ሰው ጠባይ ልምጣ። ቡና። ጅማ ተቀምጦ ቡና ተው የሚል ሰው ሰሚ አያገኝም፣ እኔም አልልም፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ጠጡ። ችግሩ ያለው ስኒው ውስጥ አይደለም። ሣሩ ተጎዝጉዞ፣ እጣኑ ጨሶ፣ አቦሉ ሲቀዳ ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል፣ ቶናው ላይ ጎረቤት ይነሳል፣ በረካው ላይ ሲደረስ አንድ የሌለች ሴት ትዳሯም ልጇም ደሞዟም ተበልቶ አልቋል። ሥጋ አልበላንም ብለን ሰው በልተን ተነሳን ማለት ነው። ቅዱስ ያሬድ ይጹም ዓይን ይጹም ልሳን ያለው ለዚህ ነው፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ይላል። ምላስ ብቻ ሳይሆን ጆሮም ነው፣ እኔ አላማሁም ዝም ብዬ ነው የሰማሁት ማለት አያዋጣም። ምን ላድርግ ካልሽ፣ ተነስተሽ መውጣት አይጠበቅብሽም፣ ጾመኛ ነኝ ብለሽ ቡና ላይ ስብከት መጀመርም አያስፈልግም። «እስቲ እሷ ስትመጣ ትንገረን» በያቸው አንዴ፣ ወሬው ራሱ ይቀየራል። ሆስፒታልም ሻይ ሰዓት ላይ እንደዛው።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችንና የሥራ ባልደረቦችሽ ዘንድሮም ጾም ላይ ናቸው፣ በ2016 እንደውም ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን ነው የጀመሩት፣ መጋቢት 2። አፍጥር ላይ ቢጠሩሽ ሂጂ፣ ሳምቡሳው የምስር ከሆነ ብይ፣ የሥጋ ከሆነ ጾም ላይ ነኝ በያቸው፣ እነሱ ከማንም በላይ ይረዱሻል። እነሱ ጎህ ሲቀድ ተነስተው ሲሰግዱ አይተሽ ካፈርሽም ማፈሩ ክፉ አይደለም።

እሺ፣ አሁን ወደ እህትሽ።

ለምን ከሁሉ ትልቁ ነው እንዳልኩ ልንገርሽ። ኢሳይያስ 58ን አንብቢ፣ ሕዝቡ ልክ እንዳንቺ ይጠይቃል፣ «ጾምን፣ ለምን አላየኸንም?» ይላሉ። መልሱ ቁጥር 4 ላይ ነው፣ እነሆ ለጥልና ለክርክር ትጾማላችሁ። ጌታም ማቴዎስ 5 ላይ መባህን ልታቀርብ ሄደህ ወንድምህ የተቀየመብህ ነገር እንዳለ ካስታወስክ መባህን እዛው ትተህ መጀመሪያ ሂድና ታረቅ ነው ያለው። ልብ ብለሽ ካየሽው አንተ የተቀየምከው ሰው ካለ አላለም፣ ባንተ ላይ የተቀየመ ካለ ነው ያለው። ጥፋቱ የሷ ነው የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ የለውም። እንግዲህ ጸሎትሽ ከባድ የሆነብሽ፣ ልብሽ የደረቀብሽ እንቅልፍ ብቻ ይሁን እሱም ጭምር ይሁን አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ እሱም አለበት ባይ ነኝ።

ግን አንድ ነገር ላይ እንግባባ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ይቅርታና ቤቱ ሁለት ነገር ናቸው። ታረቂ ማለት ድርሻሽን ፈርመሽ ልቀቂ ማለት አይደለም። የውርሱን ጉዳይ ሽማግሌ ይየው፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት ይየው፣ ሕግ አለ፣ ድርሻ ድርሻ ነው፣ በእርቅ ስም መብትሽን እንድትተዪ የሚገፉሽን ዘመዶች እኔ አልደግፍም፣ ብዙ ጊዜ የሚገፋው ታናሽ ነው፣ ሴት ስትሆን ደግሞ ይብሳል። የሚቆመው ኩርፊያው ነው። መንገድ ላይ ስትተያዩ ፊት ማዞሩ፣ ልጆቿ አክስታቸውን እንዳያዩ መደረጉ፣ በለቅሶ ቤት ተለያይቶ መቀመጡ፣ «እሷ ካለች አልመጣም» መባሉ። ቤቱ ገና ሦስት ዓመት ይከራከር ይሆናል፣ ሰላምታው ግን ሦስት ዓመት የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

እንዴት ልጀምር ትይኛለሽ። ቴክስት አትላኪ፣ በጽሑፍ የተላከ ነገር ድምፅ ስለሌለው እሷ በራሷ ድምፅ ነው የምታነበው፣ በተቆጣው ድምፅ። ደውይ። ስትደውይ ስለ ቤቱ አትናገሪ፣ ስለ ማን ምን አለም አትናገሪ። «እታለም፣ ጾሙ ነው፣ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው፣ በኔ በኩል ያስቀየምኩሽን ይቅር በይኝ» በያት፣ ታላቅሽ ናት፣ ቤት ውስጥ በምትጠሪያት ስም ጥሪያት። ዝም ካለች ዝም ትበል። ከተቆጣች ስሚያት፣ መልስ አትስጪ፣ ቆይተሽ እደውላለሁ ብለሽ ዝጊ። ካላነሳች በሳምንቱ ድገሚ። እምቢ ብላ ከቆየች ደግሞ ሁለታችሁንም የሚያውቅ ትልቅ ሰው ላኪ፣ አክስትም ይሁኑ የአባታችሁ የድሮ ባልንጀራ፣ ወይ የንስሐ አባት፣ ግን በውርሱ ጥቅም ያለው ሰው አይሁን። አንቺ መንገዱን ከሄድሽ በኋላ በሯን አለመክፈቷ የሷ ዕዳ ነው፣ አንቺ ግን በሩ ላይ መድረስ አለብሽ።

ይሄንን የሚያስቸኩለው ደግሞ ንስሐው ነው። ብዙ ሰው ንስሐ የሚያስታውሰው ስቅለት ዕለት ነው፣ ያኔ ደግሞ አይሆንም። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም፣ ኑዛዜም አይሰጥም፣ ክርስትናም አይነሳም፣ መስቀል መሳለምም የለም። በሳምንቱ ለሚሞት ሰው እንኳን ፍትሐቱ አስቀድሞ ሆሳዕና ላይ ነው የሚደረሰው። ስለዚህ ንስሐሽን ከሆሳዕና በፊት ጨርሺው፣ በገብር ኄር ሳምንት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ኒቆዲሞስ ላይ ካህናቱ ወረፋ ይበዛባቸዋል። የንስሐ አባት ከሌለሽ ሰፈርሽ ካለው ደብር አንድ ካህን ጠይቂ፣ አትፈሪ። ስትናዘዢ «አባቴ ብዙ ኃጢአት አለብኝ» ብለሽ በጅምላ አትለፊው፣ ያ ኑዛዜ አይደለም። እህቴን ይሄን ያህል ጊዜ አላናገርኳትም፣ አንዱን በሽተኛ እንዲህ ብዬ ሰድቤዋለሁ፣ ለዱቲ ሳልገባ ፈርሜያለሁ፣ እንደዛ ስሙን ጠርተሽ ነው። ካህኑ አይደነግጡም፣ ከዛ የባሰ ሰምተዋል። የሚሰጡሽን ቀኖና ተቀበይ፣ ከዱቲሽ ጋር የማይሄድ ከሆነ እዛው ንገሪያቸው፣ በኋላ ሳትፈጽሚው ከምትቀሪ።

ንስሐውን ከጨረስሽና ከፈቀዱልሽ ሥጋ ወደሙን ተቀበይ። ፋሲካን መጠበቅ ማለት ዋናው ይሄ ነው፣ ዶሮው ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። ለቁርባን 18 ሰዓት መጾም እንዳለ አትርሺ፣ ስለዚህ ያኔ ዱቲ ላይ እንዳትሆኚ ቀድመሽ አስቢበት። ጸሎተ ሐሙስ ለብዙ ሰው ይመቻል፣ ሕጽበተ እግሩ አለ፣ ቅዳሴው አለ፣ ቤት ስትገቢ ጉልባኑ አለ፣ የትንሣኤ ሌሊትም ይሆናል።

እስከዛ ድረስ የሚቀሩትን እሑዶች ወንጌላቸውን ቀድመሽ ቅዳሜ ማታ አንብቢው። ደብረ ዘይት ማቴዎስ 24 ነው፣ ገብር ኄር ማቴዎስ 25 ከቁጥር 14 ጀምሮ ነው፣ መክሊቱን የቀበረው ሰውዬ ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ። ኒቆዲሞስ ግን ያንቺ ነው። ዮሐንስ 3 ላይ ኒቆዲሞስ ወደ ጌታ የመጣው በሌሊት ነው፣ ቀን ላይ አልተመቸውም። የዛን እሑድ ምስባክ ደግሞ መዝሙር 16 ቁጥር 3 ነው፣ «ሐወጽከኒ ሌሊተ ወፈተንኮ ለልብየ»፣ በሌሊት ጎበኘኸኝ፣ ልቤንም ፈተንከው። ቀጥሎም አፌ የሰውን ሥራ እንዳይናገር ይላል፣ የቡናውን ነገር ደገመልሽ ማለት ነው። ናይት ላይ ሆነሽ ዋርዱ ጸጥ ሲል፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ያለችውን ያቺን ሰዓት ታውቂያታለሽ፣ ቻርት ጽፈሽ ጨርሰሽ ስልክ የምትከፍቺበትን ሰዓት፣ እሷን ለዚህ መዝሙር አድርጊያት። አጭር ናት፣ 15 ቁጥር ብቻ።

የሰሙነ ሕማማትን ነገር ደግሞ ከአሁኑ አስተካክይ። ዓርብ ስቅለትና የትንሣኤ ሌሊት ዱቲ እንዳይደርስብሽ ሙስሊም ወይ ፕሮቴስታንት ባልደረባሽን ዛሬውኑ ጠይቂ፣ ለዒድ አንቺ ተክተሽ ግቢላቸው፣ በሥራ ቦታችን ይሄ ድሮም የነበረ ነው። ዓርቡ ከጠዋት እስከ ማታ ስግደት ነው፣ ግብረ ሕማማቱ ይነበባል፣ ኪርያላይሶን ይባላል፣ መጨረሻ ላይ ካህናቱ በወይራው ጀርባሽን መታ አድርገው ስንት ስግደት እንደምትሰግጂ ይነግሩሻል። ጉልበት ስለሚጠይቅ ከናይት ወጥተሽ በቀጥታ አትሂጂ፣ ሐሙስ ማታ ተኝተሽ እደሪ። ቅያሪ ካጣሽና ዓርብ ቀን ዱቲ ከሆንሽም አትዘኚ፣ 9 ሰዓት ሲሆን ጌታ ነፍሱን አሳልፎ የሰጠበት ሰዓት ነው፣ ባለሽበት ለአፍታ ቁሚ፣ አቡነ ዘበሰማያት በይ፣ ወደ በሽተኛሽ ተመለሺ። ቅዳሜ ቀዳም ሥዑር ላይ ቄጤማውን በራስሽ አስረሽ ትገቢያለሽ።

የትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴ ወጥተሽ ቤት ስትደርሺ ደግሞ እንደ ነርስ አስቢ። 55 ቀን ቅባት ያልነካው ጨጓራ ላይ ሌሊት 9 ሰዓት ዶሮውን፣ ዓይቡን፣ ጥሬ ሥጋውን በአንዴ አትጫኚበት። ሰኞ ጠዋት ድንገተኛ ክፍል ሆዱን ይዞ የሚመጣው ማን እንደሆነ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ።